የእንግዳው ወንበር

እንግዳ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። በስደት በምንኖርባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት እትዬ አሰለፈች በየወሩ የገብርኤልን ዝክር ሲደግሱ፣ አንዲት ወንበር ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ ሙሉ ሳህን ምግብ ፊቷ አኑረው ባዶዋን ይተዋታል። "ጌታ በድሃ ተመስሎ ቢመጣ የት ይቀመጣል?" ይሉናል። እኛ ማኅበርተኞቹም "እውነት ነው" እያልን እንጎርሳለን።

ባለፈው ሐምሌ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ሲያንቦለቡለው አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ከአገር ቤት በእግራቸው መጥተው ወደ የመን ከሚሻገሩት አንዷ ናት። ጫማዋ በገመድ ታስሯል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

"እናቴ፣ ስለ ገብርኤል ውሃ ስጡኝ" አለች።

ሁላችንም ወንበሯን አየናት። ልጅቷም አየቻት። እትዬ አሰለፈች ፈጥነው ከወንበሯ ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ እሷ ተይዛለች፤ እንግዳ እየጠበቅን ነው። ውጪ ጥላው ሥር ቁጭ በይ፣ ጸሎቱ እንዳለቀ ውሃ ይወጣልሻል" አሉ በትሕትና።

ምን ይበሉ ታዲያ? ጨርቁ እኮ ነጭ ነው! አቧራ ነክቶት ጌታ ቢመጣስ?

ጸሎቱ ረዘመ። ስለ ተራቡት፣ ስለ ተጠሙት፣ በባሕር ላይ ስላሉት ስደተኞች ሁሉ ተጸለየ። ድምፄን ከሁሉ ከፍ አድርጌ "አሜን" ያልኩት እኔ ነበርኩ። ውሃው ሲወጣ ልጅቷ የለችም።

የእንግዳው ሳህን እንደ ልማዳችን በየተራ ለአንዳችን ይሰጣል። ያን ዕለት ተራው የኔ ሆነና ቤቴ ወስጄ በላሁት። ምን ልዋሻችሁ፣ ጨው እንኳ አልጎደለውም።