የአያ ፈንታ ግድግዳና የእኔ ድሪል

ሰው የማያውቀውን ነገር ሲጠይቅ ይውላል፤ አውቀዋለሁ ብሎ ለሚገምተው ግን አፉን አይከፍትም። እናንተም ራሳችሁን ታዘቡ። ስልክ ልትገዙ ስትሄዱ ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ መስታወቱ እየጠየቃችሁ ባለሱቁን ታደርቁታላችሁ፤ ልጃችሁን ለመዳር ስትቀመጡ ግን የአማቾቻችሁን ቤት ከውጭ አይታችሁ፣ "ደህና ሰዎች ናቸው" ብላችሁ ትነሣላችሁ። የቀረው ውስጡን ለቄስ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን አንድ ድሪል ስላለኝ ነው።

ድሪሉ በባትሪ የሚሠራ ነው። እየዞረም እየመታም ይበሳል፤ ለኮንክሪት የተፈጠረ ነው። እኔ ደግሞ ወረታ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ከጠመኔ የከበደ መሣሪያ ይዤ አላውቅም። ታዲያ ምን አገናኛችሁ ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘን የፎገራ ውኃ ነው።

አጎቴ አያ ፈንታ ቁሐር ሚካኤል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ሐይቅ ሲመስል ሩዙ ደስ ይለዋል፤ የሰው ቤት ግን እንደ ሩዝ ውኃ ውስጥ መቆም አይሆንለትም። ካቻምና ነሐሴ ውኃው ደጃፋቸውን አልፎ ጓዳ ገባና፣ ሜዳው ሲጠፍፍ ሊዘሩት ያስቀመጡትን የሽምብራና የጓያ ዘር ከነጆንያው አራሰው። ዘሩ እዚያው ጓዳ ውስጥ በቀለ። አያ ፈንታም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤት ዘር ለምነው ዘሩ። ይህን ሲያወሩ ዓይናቸውን ከመሬት አያነሡም። አምና ግንቦት ላይ ደወሉልኝና፣ "ልጄ፣ ሁለተኛ ዘር የምለምንበት ፊት የለኝም። ዘንድሮስ ከውኃው በላይ ላውለው፤ እንዴት ላድርግ ትላለህ?" አሉኝ።

እኔም የተማርኩ ነኝና ወዲያው መለስኩ። ከግድግዳው ላይ አንጎላሬ የሚባለውን የታጠፈ ብረት በብሎን እናስራለን፣ በብረቱ ላይ ጣውላ እንዘረጋለን፣ ሰባት ጆንያ ቢጫንበት አይነቃነቅም አልኩ። እሳቸው ግን፣ "ባላ ተክለን ቆጥ ብንሠራበትስ? አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርግ" አሉ።

"አያ፣ እንዲህ ያለ ቤት ሠርተው ባላ ይተክላሉ?"

ቤታቸው በሠፈሩ "ብሎኬቱ ቤት" ነው የሚባለው። ግራጫ ግድግዳው ላይ የብሎኬቱ መስመር እንደ ደብተር ተሰምሮ ከመንገድ ይታያል። "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉኝ። በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ "አንተ ታውቃለህ" ካለ መጠርጠር ደግ ነው። አልጠረጠርኩም።

ከዚያ ድሪል መምረጥ ያዝኩ። እዚያ ያለው መብራት ከፀሐይ የሚሠራ አንድ አምፖል ስለሆነ ድሪሉ ባለባትሪ መሆኑ ግድ ነው። የወረታን ሱቆች ጨርሼ ሐሙሲት ድረስ ሄድኩ። የሐሙሲቷ ባለሱቅ ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ሦስት ድሪል ደርድራ እያነሣች አስረዳችኝ። "ይሄ ይዞራል እንጂ አይመታም፤ ለእንጨት ነው። ይሄኛው አንገቱ ላይ የመዶሻ ሥዕል አለው፤ እየዞረ ይመታል፣ ለብሎኬት ይበቃል። ኮለን፣ የኮንክሪቱን ምሰሶ፣ የሚበሱ ከሆነ ግን ከባዱን ይውሰዱ፤ መምታቱን ራሱ ይመታል፣ እርስዎ አይጫኑትም።"

ስለ ቮልቱ ጠየቅኩ፣ ስለ አምፒሩ ጠየቅኩ፣ መለዋወጫ ባትሪ እንዳለው ጠየቅኩ፣ የሚበሳው ብረት፣ ፑንታው፣ ጫፉ በእርግጥ የኮንክሪት መሆኑን አስምዬ ጠየቅኩ። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ግድግዳው ምንድን ነው?"

"ብሎኬት፤ ኮለን ያለው" አልኳት፣ የራሴ ይመስል ደረቴን ነፍቼ።

"አንኳኩተው አይተውታል?"

ይቺ ሴት ሰው አታውቅም አልኩ በልቤ። የአጎት ግድግዳ በጣት ይንኳኳል? ትልቅን ሰው "ቤትዎ ከምንድን ነው የተሠራ?" ማለት "የለበሱት ጋቢ የማን ነው?" ከማለት በምን ይለያል? ከባዱን ከነሁለት ባትሪው ገዛሁ።

ሰኔ መባቻ ላይ ቁሐር ሄድኩ። መኪናዋን፣ ድሪሏን ማለቴ ነው፣ ለማየት ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የንስሐ አባታቸው መምሬ ተገኘም በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ድሪሉን ከሳጥኑ ሳወጣ አያ ፈንታ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ኃይለኛ ናት?" አሉኝ።

"ኮንክሪት ትበሳለች፣ አያ።"

"እንዲያው ባላውን ብናስብበትስ?"

"አያስቡ" አልኳቸው። አሁን ሳስበው ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። ጨዋ ሰው ሦስተኛ አይጨምርም።

ማስነሻውን ተጫንኩ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ግራጫ አቧራ ወጣ። ከዚያ አቧራው ቡናማ ሆነ። ከዚያ ፑንታው ያለ አንዳች ትግል እስከ አንገቱ ሰጠመ፤ እኔም ተከትዬው ሄጄ ግድግዳውን በግንባሬ ሳምኩት። ስመዝዘው የጤፍ ጭድ ተጠምጥሞበት ወጣ። ጭቃ ነው። ሲሚንቶው የጣት ውፍረት እንኳ የለውም፤ የብሎኬቱን መስመር ለሳኙ በሚስማር ነው ያሰመረው። ኮለን ያልኩትም አብሮ የተለሰነ እንጨት ነበር።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ከብታቸው ትዝ እያላቸው ወጡ። መምሬ ተገኘ ብቻ ቀሩ፤ ፊታቸው ላይ መገረም የሚባል ነገር አላየሁም። አያ ፈንታ ጭዱን ከፑንታው ላይ በጣታቸው ቀስ ብለው ፈቱና፣ "ከሰው ደብቄው ነበር፤ ውኃው ግን አምና አውቆት ሄዷል" አሉ።

እጅግ አፈርኩ፤ ያፈርኩት በራሴ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ሰባት ጆንያ ሰቅዬ ቢሆን ኖሮ፣ ውኃው ሲመጣ እግሩ የራሰው ጭቃ ከነዘሩ ይዘረገፍ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት መምሬ ተገኘ ከበርጩማቸው ተነሡና፣ "በሉ፣ ሳይመሽ ባላ እንቁረጥ" አሉ።

በማግስቱ መሬቱን ቆፍረን አራት ጠንካራ ባላ ተከልን፣ ርብራብ ረበረብንበት፣ ዘሩንም ጫንን። ድሪሌም አልቦዘነም፤ እንጨቱ በሚስማር እንዳይሰነጠቅ ቀድሞ እየበሳ ዋለ። ባለሱቋ መጀመሪያ ያነሣችው ትንሹ ድሪል ያንን ሥራ በደንብ ይሠራው ነበር። ከመሄዴ በፊት ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈንኩት። ሲሚንቶ አምጣ እንኳ አላሉኝም፤ እኔው ገዝቼ አመጣሁ።

ነሐሴ ላይ ውኃው እንደ ልማዱ መጣ። ጓዳ ገባ፣ ባላዎቹን እስከ ጉልበት አራሰ፣ ወጥቶ ሄደ። ዘሩ ጠብታ አልነካውም። ሜዳው ሲጠፍፍ አያ ፈንታ ደወሉልኝ። "የራሴን ዘራሁ" አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንባዬ መጣ፤ አስተማሪም ያለቅሳል።

ባለፈው ጥር የሽምብራ እሸት ይዘው ወረታ እቤቴ መጡ። ሳልነግራችሁ ቀረሁ እንጂ፣ ይህን ቤት የገዛሁት ተሠርቶ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው። ሻጩን ስለ ግቢው፣ ስለ ካርታው፣ ስለ ውኃ ቆጣሪው ጠይቄዋለሁ። ባለቤቴ ለወጥ ቤቷ መደርደሪያ ካለችኝ ከርማለች፤ ያንኑ አነሣችላቸው። አያ ፈንታም ደስ ብሏቸው፣ "ያችን መኪናህን አምጣና አሁኑኑ እንስቀልላት። የአንተስ ብሎኬት ነው" አሉኝ።

ግድግዳዬን አየሁት። ለስላሳ ነው፤ ጠርዙም ቀጥ ብሏል። አንኳኩቼው ግን አላውቅም።

"ባትሪዋ አልቋል" አልኳቸው።

"ሁለት አይደለም ያለው?" አለች ባለቤቴ።

"ሁለቱም አልቀዋል።"

አያ ፈንታ ምንም አልጠየቁኝም። ዓይናቸውን ከግድግዳው መልሰው የወጥ ቤቱን ወለል ትንሽ አዩና፣ "ግዴለም፣ ስመለስ ባላ ይዤልህ እመጣለሁ" አሉ።