ሰሊጡ እስኪገባ የቆየ መንጋጋ

ጠጋ፣ ጠጋ በሉ እስቲ። እዚያ ዳር ያላችሁም ኑ፤ መሬቱ የማንም ርስት አይደለም። ዝምታ ደግሞ እፈልጋለሁ። የሚያስል ካለ አሁን ያስል፤ የሚያዛጋም አሁን ያዛጋ። እኔ ከጀመርኩ በኋላ አፉን የከፈተ ሰው ጥርሱን ነው የምቆጥርበት። የዛሬው ነገር ስለ ጥርስ ነዋ።

ስለ ፊት ጥርስ አይደለም። የፊት ጥርስ ለሳቅና ለሙሽራ ነው። እኔ የምለው ያ ከሁሉ ኋላ የሚወጣውን መንጋጋ ነው። ሰው ጢም አብቅሎ፣ ሚስት አግብቶ፣ «እንግዲህ ሞላልኝ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ሳይጠራ የሚመጣውን እንግዳ። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ያሉት የገላባት ሰዎች የአእምሮ ጥርስ ይሉታል። ሰው ልብ ሲገዛ ነው የሚበቅለው ይላሉ። እኔ አራቱንም አብቅያለሁ። ልቡስ የታለ? ሚስቴን ጠይቋት።

ትናንት ሁለት ሰዎች በዚሁ መንጋጋ ሲጨቃጨቁ ደረስኩባቸው። አንደኛው ሳይታመም በፊት ይነቀል ይላል። ሁለተኛው እግዜር ያበቀለውን ጉጠት አይንቀለው ይላል። ዳኘን አሉኝ። ዳኝነት መውደዴን ታውቃላችሁ። ከቄሱ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ንባብ ሲጀመር የሸሸሁ ሰው ነኝ፤ ግን ባላወቅሁት ነገር መፍረድ ከብዶኝ አያውቅም። ትናንት ግን ትቻቸው ሄድኩ።

ለምን መሰላችሁ? ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰው በጥይት፣ በገመድ፣ በመርዝ ጭስ በሚያልቅበት ዘመን፣ የእኔ ወንድም በጥርስ ሞተ።

አዎ፣ በጥርስ። ምን እንደገደለው ሲጠይቁኝ «ንዳድ» እላለሁ። አንዳንዴም ወደ ሜዳው እያየሁ ዝም እላለሁ። ያኔ ጠያቂዬ ጫካ ገብቶ የሞተ አርበኛ ይመስለውና ከንፈሩን ይመጥጣል። አላርመውም። እንዴት ብዬ ላርመው? «የለም ጌታዬ፣ መንጋጋው ነው» ልበለው?

ውብነህ ይባላል። የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። እኔን «አያ» ነበር የሚለኝ። ከሸሕዲ ወረድ ብሎ ሰሊጥና ማሽላ እናርስ ነበር፣ ሁለታችን ጎን ለጎን። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከጭልጋ ሚስት አመጣ፤ እናኑን። ደገኛ ናት፣ ቀጭን፣ ንግግሯም እንደሷው ቀጭን። አንድ ቃል ትናገርና ሁለት ቀን ታርፋለች።

ነሐሴ ሲጋመስ ውብነህ ጉንጩን ይዞ መጣ። «አያ፣ ከኋላ በኩል አንድ ነገር እየገፋኝ ነው» አለኝ። አፉን ከፍቼ አየሁት። ድዱ ቀልቷል፤ ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። ታዲያ እኔ ምን ልበል? ወንድሜ ታሟል ልበል? ያ ቀን ለእኔ ሠርግ ነበር። ጎረቤት ጠራሁ። «ኑ እዩ፣ ወንድሜ በሃያ አምስት ዓመቱ አእምሮ ሊያበቅል ነው!» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን «ሊቁ» አልኩት። ደግሞ በአንቱታ። «ሊቁ ዛሬ እንዴት አደሩ? በሬውን ከፊት እንጥመደው ከኋላ፣ ምን ይመክሩናል?» እለዋለሁ። ሰዉ ይንከተከታል። እሱም ይስቃል፣ በአንድ ወገን ጉንጩ።

የሚስቅ ሰው ደግሞ ማን ታሟል ይለዋል?

ጳጉሜን ላይ ለገበያ መተማ ወረድን። እዚያ ዑስማን የሚባል የገላባት ሰው ነበር። በነሱ ቋንቋ ሐላቅ ይሉታል፤ ፀጉር ላጭ ማለት ነው። ይላጫል፣ በዋግምት ያግማል፣ ጥርስ ይነቅላል። በገበያ ቀን ኾሩን፣ ያችን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለች ደረቅ ፈፋ፣ ያልፍና በእኛ በኩል ከግራር ሥር ይቀመጣል። ጉጠቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጣል፣ እንደ ታቦት።

ውብነህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ። ክፉ ሰው አይደለሁም። ዑስማን ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ብዙ ዳሰሰና አማርኛውን እየለቀመ እንዲህ አለ። መንጋጋ ቀጥ ብሎ ከወጣ ጎረቤት ነው፣ ተወው። ተጋድሞ ከወጣ ግን ጎረቤቱን ይገፋል፣ ከድድ ሥር እህል ይሸሽጋል፣ ይበሰብሳል። የዚህ ልጅ ተጋድሟል። ዛሬ ገና ነው፤ ዛሬ ልንቀለው፣ በሦስት ቀን ይረሳዋል። ካበጠ በኋላ ግን ቢለምነኝም አልነካውም።

አያችሁ? ሊቅ ማለት እሱ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ያለን።

ውብነህ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ። ዑስማን ጉጠቱን አነሣ። ገበያተኛው ከበበ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ ዝም ማለት አልችልም፤ ያደግኩበት በሽታ ነው። «ዑስማን» አልኩት፣ «ስትነቅለው በጨርቅ ጠቅልለህ ስጠኝ። ቤት ወስጄ ስለ እርሻው እሱን አማክረዋለሁ፤ ባለቤቱማ ምንም አያውቅ»።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። የጨው ነጋዴው ሚዛኑን ጣለ። ውብነህ ራሱ ሆዱን ይዞ ከድንጋዩ ተነሣ። «እንዲህ ከሆነማ ለአያ አሳልፌ አልሰጥም» አለ፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። ዑስማን ብቻ አልሳቀም። ጉጠቱን እንደያዘ ጠበቀ። «ና ተቀመጥ» አለው። ውብነህ «ሰሊጡ ይግባና እመጣለሁ» አለው። እኔም አጨበጨብኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ምላስ አጥንት የለው፣ አጥንት ይሰብራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ይሆናል።

«ሰሊጡ ይግባ» ማለቱ ግን ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ቆላ ያላረሰ ሰው አይገባውም። ማሽላ ይጠብቃል፤ ወፍ ቢበላውም ይተርፋል። ሰሊጥ ግን አንዴ ከበሰለ አፉን ይከፍታል፤ አፉን ከከፈተ ደግሞ ፍሬው ጉንዳን ቤት ይገባል። እንዳይከፍት ቀድመህ ታጭዳለህ፣ ነዶውን አቁመህ ትደግፈዋለህ። ሂላ ይሉታል በዚህ አገር። በዚያ ሳምንት እናቱ የሞተችበት እንኳ ማልቀሻ ጊዜ አያገኝም። የዓመት ዘይት፣ የዓመት ልብስ እዚያች ሳምንት ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ሲሆን ጥርስን «ቆይ» ትለዋለህ። ሁላችንም ብለነዋል፤ አባቶቻችንም ብለውታል።

ሰሊጡ ቆይ ቢባል እንደማይሰማ እናውቃለን። መንጋጋውም እንደማይሰማ ማን ይንገረን?

ደቦ ወጣን። ውብነህ ጉንጩን በኩታ ጠምጥሞ ነበር የሚያጭደው። ደቦኛው በፊቱ ሲያልፍ እጅ ይነሣዋል። «ሊቁ፣ ይባርኩን» ይለዋል። እሱም በማጭዱ መስቀል ሠርቶ ይባርካል። በሦስተኛው ቀን በአንድ ወገን ማኘክ ጀመረ። በአምስተኛው ማኘክ ተወ፤ ቀጭን የማሽላ አጥሚት ይጠጣ ጀመር። በስድስተኛው እጅ ሲነሡት መባረኩን ተወ። ያኔም ሳቅን። «ሊቁ ተቆጡ» አልን።

ከዚያ ሰውነቱ ጋለ።

ቆላ ውስጥ በመስከረም ማብቂያ ሰውነቱ የጋለ ሰው ምን ይባላል? ንዳድ። ማን ይጠይቃል? ንዳድ እኮ እዚህ እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳይመጣ ከቀረ ነው የምትጨነቀው። ከሙስሊሙ ባለሱቅ ኪኒን ገዛሁ። በጉልበቴ አስዋጥኩት። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ግንባሩን ዳሰሰ፣ «ንዳድ ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ሄደ። አሥር ሰው ግንባሩን ሲዳስስ ጉንጩን የዳሰሰ የለም።

እናኑ ከእግሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። «ንዳድ ጉንጭ አያሳብጥም» አለች፣ በዚያች በቀጭን ድምጿ።

እኔ ምን አልኳት? «አንቺ ትናንት ከደጋ የወረድሽ ልጅ፣ ንዳድን አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» አልኳት። ሃያ ዓመት ቆላ የኖርኩ ሰው ነኛ። አምስት ጊዜ ንዳድ ጥሎኝ ተነሥቻለሁ። እንደ ልማዷ ሁለት ቀን አረፈች።

በሁለተኛው ቀን አፉ አልከፈት አለ። ሥራውን የጨረሰ በር እንደሚቀረቀር፣ አገጩ ገጥሞ ቀረ። እናኑ መቃ ቆርጣ፣ በጥርሱ ክፍተት አሾልካ፣ ወተት በጠብታ ታወርድለት ጀመር። እብጠቱ ከጉንጩ ወርዶ አገጩ ሥር ገባ፤ አንገቱ የወይፈን አንገት አከለ። ያኔ ገባኝ። ለእኔ የሚገባኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ዘግይቶ።

ቃሬዛ አሰርን። ስድስት ሆነን መተማ ይዘነው ወረድን። ሰሊጡ ገና ሂላ ላይ ነበር፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ስንደርስ መሻገሪያው ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ ለእኛ የሚነግረን የለም፤ ወታደር ቆሟል፣ ወዲህ የለም ወዲያ የለም። ከግራሩ ሥር ድንጋዩ ብቻ ነበር።

ኾሩ ዳር ቆመን ተጣራን። «ዑስማን! ዑስማን!» ማዶ ያለ ሰው ለሌላው አቀበለው፣ ያም ለሌላው። መጣ። ከዚያ ማዶ ሆኖ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየን። ከትከሻው የሥራ ከረጢቱን አንጠልጥሏል፤ ጉጠቱን አውጥቶ ይዞታል።

«አፉ ይከፈታል?» ብሎ ጮኸ።

«አይከፈትም» አልኩት።

 ከዚያ ጉጠቱን ጠቀለለና ከረጢቱ ውስጥ መለሰው።  ቀልድ ቢሆን ኖሮ፣ ስድብ ቢሆን ኖሮ፣ ችዬው ነበር። ዝም ብሎ ጠቀለለው።

ከተማው ውስጥ የጣሊያን ሐኪም አለ ተባለ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ እንውሰደው አለ። አንዱ ለጠላት እጅ አንሰጠውም አለ። አንዱ መርዝ ይወጉታል አለ። እኔ? እኔ ሁሉንም አልኩ። መጀመሪያ እንውሰደው አልኩ፣ ቀጥሎ እንዴት ተደርጎ አልኩ። ቃሬዛውን ከግራሩ ሥር አውርደን ቆመን እንከራከራለን። ፀሐይ አናት ላይ ናት። እናኑ በነጠላዋ ታጠላለታለች።

ያን ጊዜ ውብነህ ዓይኑን ገለጠና ፈለገኝ። ጎንበስ አልኩ። መናገር አይችልም። በጣቱ ጉንጩን ነካ። ከዚያ ሁለት እጁን አምጥቶ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ ነገር በጨርቅ እንደሚጠቀልል ሰው አደረገና ወደ እኔ ገፋው። ውሰደው፣ አማክረው ማለቱ ነው።

እየቀለደልኝ ነበር። እኔ አፍሬ እንዳልቀር፣ እየሞተ ለእኔ ቀለደልኝ። ሳቅሁለት። ምን ላድርግ? አምስቱ ተሸካሚዎች እንደ እብድ አዩኝ። እነሱ ክርክሩን ሳይጨርሱ ውብነህ አረፈ።

እስቲ ቆዩ። አፍንጫዬን ላብስ። ዝም በሉ አልኩ እንጂ አልቅሱ አላልኩም።

ሠልስቱ ላይ ከዳሱ ሥር ተቀምጠናል። ወንዱ ሁሉ አለ፤ ደቦኛው ሁሉ፣ እጅ ይነሡት የነበሩት ሁሉ። መቼስ ጅብ ከሄደ ውሻ መጮኹ አይቀርም፣ ነገሩ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ጥርስ የሚነቀለው ጨረቃ ስትጎድል ነው አሉ። ሌላው የለም፣ ክረምቱ ወጥቶ ደም ሲረጋ ነው አሉ። የሽንፋ ሰው ነኝ ያለ አንድ እንግዳ በሽንፋ ገና ሲወጣ ነው የሚነቀለው አለ። ሌላው ሰሊጡ ሳይደርስ በጳጉሜን መሆን ነበረበት አለ። ሌላው ሰሊጡ ከገባ በማግሥቱ ቢሆን ይደርስ ነበር አለ። አንዱም ከናካቴው አይነቀልም፤ በትንሣኤ ቀን አጥንት ሁሉ ተቆጥሮ ነው የሚነሣው፣ ጎደሎ ይዞ ማን ይቀርባል አለ።

ይህን የመጨረሻውን ያለው ሰው እኔ ነኝ። ልደብቃችሁ አልችልም። ወንድሜን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጣቴን ቀስሬ እከራከር ነበር። እንዲያውም እያሸነፍኩ ነበር።

እናኑ ውሃ በቅል ይዛ ገባች። ለሽማግሌዎቹ በየተራ ሰጠች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ቅሉን አልሰጠችኝም፤ ይዛው ቆመች። 

«ባመመው ቀን ነበር የሚነቀለው» አለች። «እንዳመመው ደግሞ ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ትስቁበት ነበራ»።