ትንፋሼን ማን ይለካልኝ

ሰው ቁመቱን ከጓደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይለካል፤ የትንፋሹን ልክ ግን በምን ያውቀዋል? እናንተስ የራሳችሁን ታውቁታላችሁ? እኔ ዳገት ስጀምር ጎበዝ ነኝ እላለሁ፤ ወገቡ ላይ ስደርስ ሐሳቤን እቀይራለሁ። በዚህ ነገር ግራ እንደተጋባሁ አረጀሁ። ግራ ያጋቡኝም አንድ ያገሬ ሽማግሌና አንድ የጣሊያን ሐኪም ናቸው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ፣ አርበኛው ጮቄ ተራራ ላይ የመሸገበት ጊዜ ነው። እኔ ሮብ ገበያ አጠገብ የምኖር፣ በእግሬ የምመካ ጎረምሳ ነበርኩ። ለአርበኞቹ መልእክተኛ የሚመርጡት አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ያን መልእክተኛነት እንዴት እንደተመኘሁት፤ እህል ውኃ አስጠልቶኝ ነበር። አብሮኝ ለፈተና የቀረበው የአክስቴ ልጅ ጥሩነህ ነው። ጥሩነህ ሲራመድ ብታዩት የተኛ ይመስላችኋል።

ፈተናው ከወንዙ ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት መውጣት ነበር። ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። ጥሩነህ ገና እታች ሲንቀረፈፍ እኔ ጫፍ ላይ ነበርኩ። አያ ደምሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ሰንበት እንግዳ ሰላምታ ጀመሩኝ። መቼም ያገራችንን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ከራስ ጤና ተነሥቶ በዘመዱ፣ በከብቱ፣ በአዝመራው ዞሮ ነው የሚያልቀው።

"እንዴት ከረምክ?"

"እግ... እግዜር..."

"ቤተሰቡስ?"

"ደ..."

ከብቶቹ ዘንድ ሳንደርስ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩ። ጥሩነህ ቆይቶ እያዘገመ መጣና ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰ፤ አልፎ ተርፎ የአያ ደምሴን በቅሎ ጤና ጠየቀ። እሱ ተመረጠ።

"አያ ደምሴ፣ የቀደምኩት እኮ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ቀድመሃል። ኬላ ላይ የቆመው ባንዳ ግን ማን ቀደመ አይልህም፤ እንዴት ዋልክ ነው የሚልህ። እያለከለክህ ከመለስክ ከየት እንደመጣህ ነገርከው። ዳገት ወጥቶ ሰላምታ የሚተርፈው፣ እሱ ነው ትንፋሽ ያለው።"

ተናደድኩ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ ግን አላውቅም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ጎረምሳውን አፈሰው፤ እኔም ተያዝኩ። ሐኪሙ ሣጥን ላይ ውጣ ውረድ አለኝ፤ ሰዓቱን እያየ እጄን ያዘ፤ ደረቴ ላይ ቱቦ አስደግፎ አዳመጠ። አስተርጓሚው "ልብህ ግሩም ነው ይልሃል" አለኝ። ጠላት አመስግኖኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ወዲያው ዶማ ሰጡኝ። እንግዲህ እኔ ምንድን ነኝ? ወገኔ ትንፋሽ የለህም ይለኛል፣ ጠላቴ ልብህ ግሩም ነው ይለኛል።

አንድ ቀን ኬላው አጠገብ ስቆፍር ጥሩነህ ከዳገቱ ብቅ አለ። መልእክት እንደያዘ ገባኝ። ቢያገኙበት እዚያው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል።

ባንዳው አስቁሞ "እንዴት ዋልክ?" አለው።

"እግዜር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት ዋልክ? ቤተሰብ ደኅና? አዝመራው እንዴት ይዟችኋል?"

ባንዳውም ያገር ልጅ ነውና ስለ አዝመራው ያወራው ጀመር። የዘራው ጤፍ፣ የበላው ዋግ፣ የዘገየው ዝናብ። ጥሩነህ እያዘነለት ይሰማል። እኔ ዶማዬን ተደግፌ ቆሜ ላቤ ይንቆረቆራል፤ ልቤ ደረቴን ሊበሳው ደረሰ፤ አየር አጠረኝ። ተቆጣጣሪው አየኝና "ይሄ ደግሞ ሳይሠራ ያለከልካል" ብሎ ወደ ሐኪሙ ድንኳን ጎተተኝ።

ያው ሐኪም ነው፣ ያው ቱቦ፣ ያው ሰዓት። አዳመጠኝ፤ ፊቱ ተኮሳተረ፤ እንደገና አዳመጠኝ።

"ልብህ ተበላሽቷል ይልሃል" አለ አስተርጓሚው። "ለሥራ አትሆንም። ሂድ ቤትህ።"

ሐኪም ሲናገር አይከራከሩትም። ዶማዬን አስረክቤ ከድንኳኑ ስወጣ ወደ ኬላው አየሁ። ባንዳው ብቻውን ቆሟል። ልቤን ያሳመመኝ ሰው ከኬላው ማዶ ያለውን ወንዝ ተሻግሮ ነበር።