እድራችንና አራተኛው ዌብሳይት

በእኔ ሙያ የተማሩት ነገር ሳይበርድ ያረጃል። ዌብሳይት ሠሪ ነኝ። ሐኪም ጓደኛዬ ዛሬም ጉበትን እዚያው ድሮ በተማረበት ቦታ ያገኘዋል፤ እኔ ግን ሰኞ ያጠናሁትን መሣሪያ ሐሙስ ስከፍት «እሱን ደግሞ አሁንም የሚጠቀም አለ?» ይሉኛል። እናንተም «ታዲያ የለመድከውን ይዘህ አትቀመጥም?» ትሉኝ ይሆናል። መቀመጡንስ ማን ጠልቶ! ግን ሱስ አለው፤ አዲስ መጣ ሲባል እጄን ይበላኛል።

ካዛንቺስ ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ፤ ከፊሉ ጎተራ፣ ከፊሉ ሰንጋ ተራ፣ ከፊሉ ከተማው ጫፍ ገባ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ቢነፋ የሚሰማው የግንባታ ዘበኛ ብቻ ሆነ። ሰው የጎረቤቱን ሞት ከሠልስት በኋላ ይሰማ ጀመር። ሊቀመንበሩ ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ደንብ ካልተከበረ ምግብ አይበላላቸውም። እድሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል ለማለት ሦስት ጊዜ ጉባኤ ጠሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ተስፋ ሲቆርጡ ወደ እኔ መጡ። «አባሉ ሁሉ መርዶውን በስልኩ የሚያገኝበት ነገር ሥራልኝ። አለዚያ እድሩ መፍረሱ ነው» አሉኝ።

«በሁለት ሳምንት ያልቃል ጋሼ» አልኩ። አለቀም። ወዲያው ግን የተሻለ መሣሪያ ወጣና አፍርሼ ሠራሁት። እሱም ሳይደርቅ ሌላ መጣ፤ አፈረስኩ። ጋሽ ተፈራ በየሳምንቱ ይደውላሉ።

«አላለቀም?»

«አልቋል ጋሼ፤ እያሻሻልኩት ነው።»

«ያለቀ ነገር ምን ይሻሻላል ልጄ?»

ስልኩን ዘግቼ ማፍረሴን ቀጠልኩ።

አራተኛውን ስሠራ ለሙከራ የሚሆን ሟች አስፈለገኝ። የሰው ስም መጻፍ ሟርት ነው፤ የራሴን እንዳልጽፍ እናቴም የእድሩ አባል ናት። በመጨረሻ፣ በሟርት አያምኑም ብዬ በጋሽ ተፈራ ጨከንኩ። «ጋሽ ተፈራ አርፈዋል። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት።» በድሮው መሣሪያ ሙከራ ከኮምፒውተሬ አይወጣም ነበር። አዲሱ ግን፣ ሳላነብ በዘለልኩት መመሪያ ላይ እንደተጻፈው፣ የተጻፈለትን ሁሉ በራሱ ጊዜ ይልካል። ላከው። ለሁሉም የእድሩ አባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከሰዓታት በኋላ እናቴ እያለቀሰች ስትደውል ነው የገባኝ። ባምቢስ ካለው ቢሮዬ ጋሽ ተፈራ ቤት ድረስ በእግሬ ሮጥኩ። ቤታቸው ካልፈረሰው ጥግ ነው። ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሟቹ በረንዳቸው ላይ ቆመው ሕዝቡን ያያሉ። ከፈረሳው ወዲህ ያልተያዩ ጎረቤቶች ተቃቅፈው፣ ለጋሽ ተፈራ ይዘውት የመጡትን እንባ እዚያው ለናፍቆታቸው ተጠቀሙበት። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ማለቴ፣ አፕዴቱ ነው፣ እኔ...»

«ዝም በል፣ ቁጥር ታጠፋብኛለህ!» አሉኝ። ለካ ጣታቸውን ቀስረው ሰው እየቆጠሩ ነው። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ማንም እንዳይወጣ።»

ለለቅሶ የመጣው ሁሉ እንባውን እየጠረገ እጁን አወጣ፤ እድሩ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሁለተኛው አጀንዳ እኔ ነበርኩ። ዌብሳይቱ እንዳለ እንዲቆይ፣ ሠሪው ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ፈቃድ አንዲት ነገር እንዳይነካ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ፈረምኩ።

ትናንት የመሣሪያው አዲስ ቬርዥን ወጥቷል አሉ። እጄን እየበላኝ ነው። ግን ፈቃድ ለመጠየቅ ጉባኤ መሙላት አለበት፤ የእኛ ጉባኤ ደግሞ የሚሞላው ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ ይቅርብኝ ብያለሁ።