የሰባት ቁጥር መኪና ማንነት አጣሪ ኮሚቴ

ወረታ፣ ስሟ በሩዝ ብቻ መነሳቱ የሚያንገበግባቸው ሹማምንት ያሏት ዕድለኛ ከተማ ናት። ከእነዚህ አንዱ፣ ስሙን የማንጠራው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቶ ሰውመሆን፣ አሮጌ ቁም ሣጥን ሲያስጠርጉ የደበዘዘ ፎቶግራፍ አገኙ። ጣራ የሌለው፣ ጎኑ ላይ ሰባት ቁጥር የተጻፈበት መኪና፤ ከፊቱ የተወጠረ ገመድ፤ ከገመዱ ጫፍ ሁለት በሬዎች፤ ከኋላ የቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። አቶ ሰውመሆን የእሽቅድምድም መኪና አዩ። በሬዎቹን አላዩም።

«አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ አይሆንም» ብለው ሰባት አባላት ያሉት የመኪና ማንነት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከአባላቱ አንድም ሰው የእሽቅድምድም መኪና አይቶ ስለማያውቅ ጥናቱ ከአድልዎ የጸዳ ነበር። የመኪናው ዓይነት እጅ በማውጣት ተለየ፤ ጣሊያን አራት፣ እንግሊዝ ሁለት፣ ድምፀ ተአቅቦ አንድ። ገመዱ የውድድሩ መነሻ መስመር ተባለ። በሬዎቹ የከተማዋን ገጽታ ስለሚያበላሹ ፎቶው ሲባዛ ተቆርጠው ወጡ። ከተማዋ ባለችበት ፎገራ ላይ ታላቅ የመኪና ውድድር መካሄዱ በዚህ መልክ ተረጋገጠ፤ የቀረው የውድድሩ መታሰቢያ ሐውልት የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ ነበር።

ለምስክርነት የተጠሩት የቁሐር ሚካኤሏ ባልቴት እማማ ይርገዱ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ በሁለት በሬዎቻቸው ከምትታረሰው የሩዝ ማሳ ሌላ መሬት የላቸውም።

«በሬዎቹስ?» አሉ ፎቶውን እንዳዩ።

«የምን በሬ?» አለ የኮሚቴው ጸሐፊ አዛናው።

«የአባቴ ናቸዋ፤ ቡሬና ዳልቻ። ይኸ መኪና በክረምት መጥቶ ተዘፈቀ፤ እነሱ ጎትተው አወጡት። ልጅ ሁኜ ከዳር ቁሜ አይቻለሁ። ውድድር አልነበረም፣ ልጄ፤ ጭቃ ነው የነበረው።»

«የተዘፈቀው ከየትኛው ማሳ ነው?»

«ከዚችው ከእኔይቱ።»

አዛናው ጻፈ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ምስክሯ የውድድሩን ትክክለኛ ቦታ በራሳቸው አንደበት ስላረጋገጡ፣ ማሳው ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» እማማ ይርገዱ እውነት መናገራቸው ማሳቸውን እንዳሳጣቸው የተረዱት የውሳኔው ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነው። ስምንት ቀን አለቀሱ። ኮሚቴውን ማመስገን ያቃተኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

የሐውልቱ የመሠረት ድንጋይ የሚጣልበት ቀን ለነሐሴ ተቆረጠ። ነሐሴ ክረምት መሆኑን የሚያጣራ ኮሚቴ አልተቋቋመም ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ድንጋዩንና ሰባቱን አባላት እንደጫነ ማሳው መካከል እስከ በሩ ሰጠመ። አቶ ሰውመሆን ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከዳር ቆመው ወደሚያዩት እማማ ይርገዱ ተጣሩ።

«እማማ፣ እባክዎ በሬዎችዎን ያምጡልን።»

«ሸጥኋቸው እኮ፣» አሉ እማማ ይርገዱ። «ማሳዬን ስትወስዱት ምን ሊያርሱልኝ ኑሯል?»