ጋሼ ይበልጣል በቃላቸው የያዙት ዝርዝር

በየቤታችን ቡፌ ውስጥ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አይታችኋል? ሠርግ ከተሠረገ ጀምሮ ከንፈር ያልነካቸው፣ እንግዳ እንዲያያቸው ብቻ የተቀመጡ ናቸው። በየቀኑ የምንጠጣበት ጆሮው የተሰበረ ኩባያ ግን ሳሎን ብቅ እንዲል አይፈቀድለትም። እኔ ይህን ሥርዓት አልቃወምም፤ ሰው ገመናውን መሸፈን አለበት። ኮምፒውተር ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ አልፈጠረበትም። ስታርት የምትለዋን ስትጫኑ፣ ብዙ ጊዜ የከፈታችሁትን ፕሮግራም ከላይ፣ አልፎ አልፎ የነካችሁትን ከታች አድርጎ ይደረድርላችኋል። ማን ጠየቀው? ማንም። ዝም ብሎ ይቆጥራል።

ይህን ቆጠራውን በቁም ነገር ማየት የጀመርሁት በጋሼ ይበልጣል ምክንያት ነው። ቢቸና ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት እንጠቀም ነበር። ጋሼ ይበልጣል በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ፣ ስንቱን መጽሐፍ በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩንም የተማሩት በቃል ነው። ስሙን አያነቡም፤ ቦታውን ይቆጥራሉ። "ከላይ አንደኛው መጻፊያ፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ፣ ሦስተኛው ካልኩሌተር" እያሉ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ አንዳንዴ ዜማም ይጨምሩበታል። ጸሎት ላይ የደረሰ መስሎት በር ላይ ቆሞ የሚያማትብ ባለጉዳይ በዓይኔ አይቻለሁ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ማንበብ አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ። በቃል የያዙትን ነገር እያዩ መድገም ለእሳቸው ነውር ነው።

ችግሩ ዝርዝሩ አለመርጋቱ ነበር። እኔ ሁለት ሦስት ቀን ሠንጠረዥ ስሠራ ከሰነበትሁ፣ ሠንጠረዡ ወደ ላይ ይወጣና መጻፊያው ቁልቁል ይወርዳል። ጋሼ ግን እንደ ልማዳቸው አንደኛውን ይጫናሉ። አንድ ቀን እንዲያውም የገጽ ተኩል ደብዳቤ ሠንጠረዡ ላይ ባለች አንዲት ሳጥን ውስጥ ሲጽፉ ደረስሁባቸው። ላብ በላብ ሆነዋል።

"ዛሬስ መስመሩ ጠበበኝ" አሉኝ።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ በቀረ ጥሩ ነበር፤ ሞጣ ላይ የዝውውር ቦታ ተገኘና ነገሩ ከበደ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ያሉት ሞጣ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ሄደው እሑድ እየተመለሱ ኖረዋል። ትንሿ ልጃቸው በሩን ከፍታ ስታያቸው "እማዬ፣ እንግዳ መጣ" ብላ እንደምትጣራ ነገሩኝ። ሊያስቁኝ ነበር የፈለጉት፤ እኔ ግን አንጀቴን በሉት። ዝውውሩን ለማግኘት ደግሞ የኮምፒውተር የተግባር ፈተና ማለፍ ግድ ነው።

እኔ የሰው ነገር ተዘበራርቆ ሳይ እጄን የሚበላኝ ሰው ነኝ። በምሳ ሰዓት ተቀመጥሁና የማያስፈልገውን ፕሮግራም አንድ በአንድ ከዝርዝሩ አስወጣሁ፤ የሚያስፈልገውን ደግሞ ልክ ጋሼ በሚደግሙት ቅደም ተከተል ፒን አድርጌ ቸነከርሁት።

"ከእንግዲህ ማንም ምንም ቢሠራበት ቦታውን አይለቅም" አልኋቸው።

"ተባረክ! አሁን ገና ሥርዓት ያዘ" አሉ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው እያወሩኝ መክፈት ጀመሩ። ኮራሁ። ፈተናው የሚሰጠው ሞጣ፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተር መሆኑ ግን ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ኮምፒውተሩ የሰብሳቢው ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ፊታቸውን ቋጥረው የተቀመጡ ኮስታራ ሰው። "ደብዳቤ ይጻፉ" ተባሉ። ጋሼ ይበልጣል ሳያመነቱ ከላይ አንደኛውን ተጫኑ። ነጭ ወረቀት ሲጠብቁ ከበሮ አቀለጠው! የተከፈተው የቪዲዮ ማጫወቻ ኖሯል፤ ካቆመበት ቀጠለ። የሠርግ ድንኳን ታየ፤ መሐል ላይ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻቸውን የሚያንቀጠቅጡት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው። አያችሁ፣ ፕሮግራሙ አንደኛ ላይ የወጣው እንዲያው አልነበረም። ሰውየው የራሳቸውን እስክስታ በየቀኑ ሲያዩ የከረሙ ናቸው። ሁለቱ ፈታኞች ጣሪያውን መመርመር ያዙ።

"ይዝጉት!" አሉ ሰብሳቢው።

መዝጋት በጋሼ ድግምት ውስጥ አልነበረም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ በእኛ ቢሮ አንደኛው መጻፊያ ነው" አሉ።

ሰብሳቢው ተነሥተው በገዛ እጃቸው ዘጉት። ጋሼ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። ሁለተኛውን ቢጫኑ ደግሞ ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ያቺ "እንግዳ መጣ" የምትለው ልጃቸው በዓይናቸው መጣችባቸው። ያን ጊዜ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ስም ከላይ እስከ ታች አነበቡ። መጻፊያው ሰባተኛ ላይ ተገኘ። ደብዳቤውን ጻፉ፤ አለፉ።

"ለካስ ስሙ ተጽፎበታል! ማንበብ ብቻ ነው!" አሉኝ በስልክ እየሳቁ።

እኔ አፈርሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተማርሁ ብዬ ስኮራ፣ ማንበብ እንዳያስፈልጋቸው አድርጌ ነው የከረምሁት። እሳቸው ግን ይመርቁኛል። አሁን ሞጣ ከልጆቻቸው ጋር ናቸው፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ምንም እንኳ መዝገብ ክፍሉ ጭር ቢልብኝ።

ከሳምንት በኋላ ከሞጣ ተደወለልኝ። ሰብሳቢው ናቸው።

"አቶ ይበልጣልን ያሠለጠኑት እርስዎ ነዎት?"

ምስጋና ጠብቄ ደረቴን ነፍቼ "አዎን" አልሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ... ዝርዝሩ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል?"

ይቻላል አልሁና የት ገብተው የትኛውን ማጥፋት እንዳለባቸው ደረጃ በደረጃ ነገርኋቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ደንገጥ አሉ።

"ቆይ፣ ይህን ካጠፋሁት ጭፈራው አብሮ ይጠፋል እንዴ?"

"የለም ጌታዬ፤ ጭፈራውስ ይኖራል። የሚጠፋው ምስክሩ ነው።"

ከስልኩ ማዶ ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ፤ እሱ ይበቃኛል" አሉ።