በጨው ሜዳ የሠለጠነው የበረዶ ቡድን

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ነው እንግዲህ፤ ውሸቱን ለእኔ ተዉልኝ፣ እውነቱን እናንተ ይዛችሁ ግቡ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ከጨው ሜዳ አጠገብ አንድ የቆላ ጫካ ነበር። ጫካ አልኩ እንጂ ግራርና እሾህ ነው፤ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። በአቅራቢያው ውሃ ያለው በአንዲት ኩሬ ብቻ ነው፤ ወንዙ በጣም ሩቅ ነው። በኩሬዋ ደግሞ ወረፋ አለ። መጀመሪያ አንበሳ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ነብር፣ ቀጥሎ ጅብ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ መጨረሻ ላይ እትዬ ኤሊ ስድስት ልጆቿን አስከትላ ትደርሳለች። እሷ ስትደርስ ውሃው አልቆ ጭቃው ይጠብቃታል። አምስቱ ልጆች ጭቃውን እየላሱም ቢሆን አደጉ። ታናሺቱ ግን አልስማማ ብሏት ሆዷ ተነፋ፣ ጀርባዋም እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳሳ። እናት ናትና እትዬ ኤሊ ሐሳብ ገባት።

አንድ ቀን ሽመላ ከሩቅ አገር መጥቶ ግራሩ ላይ አረፈ።

"እናንተ፣" አለ፣ "እኔ ከርሜ በመጣሁበት አገር ውሃ ከብርዱ የተነሳ ድንጋይ ይሆናል። የዚያ አገር አውሬዎች በላዩ ላይ ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር ይጠልዛሉ። አሁን ከየአገሩ ቡድን እየጠሩ ነው፤ እናንተንም ጠርተዋል።"

ልክ እንደ እኛ ገና ጨዋታ ነው ልጆቼ፣ ሩሩ ጠፍጣፋ ሆነ እንጂ።

አንበሳ ጉባኤ ጠራ። በጉባኤው ላይ በረዶ አይቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ አላውቅም ያለም አልነበረም።

"ጨዋታው ድሮም የእኛ ነው፣" አለ አንበሳ። "እነሱ ወስደው አቀዘቀዙት እንጂ።"

ጉባኤው አጨበጨበ። ከርከሮ ብቻ፣ ሞኝ ስለሆነ፣ "ለመሆኑ በረዶ ምን ይመስላል?" ብሎ ጠየቀ።

"ነጭ ነው፣ ጠጣር ነው፣ ሜዳ ነው፣" አለ ሽመላ።

"ነጭ፣ ጠጣር፣ ሜዳ፣" አለ ጋሽ ዝንጀሮ ጢሙን እያሻሸ። "ታዲያ የእኛ ጨው ሜዳ ምን ጎደለው?"

ይህን በማለቱ እዚያው አሠልጣኝ ተደርጎ ተሾመ። ሽመላ ስለ ማዳለጥ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጭብጨባው ዋጠው።

አንበሳም ደስ ሲለው ቃል ገባ። "በዚያ በረዶ ላይ አንድ ሩር ያገባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኩሬው ላይ ከእኔ ቀጥሎ ይጠጣል። ቤተሰቡም አብሮ።"

እትዬ ኤሊ ይህን ስትሰማ አንገቷ ከድንጋይ ልብሷ ወጣ። ከእኔ ቀጥሎ ማለት እኮ ንጹሕ ውሃ ማለት ነው። እየተንፏቀቀች ጋሽ ዝንጀሮ ዘንድ ሄደች።

"ጋሼ፣ እኔም ልጫወት።"

"አንቺ?" አለ ዝንጀሮ። "አንቺ ሩሩ ጋ እስክትደርሺ የዘንድሮው ጨዋታ አልቆ የከርሞው ይጀመራል።"

ከዚያማ ልምምድ ሆነ። በጠራራ ፀሐይ ጨው ላይ ሲሯሯጡ ይውላሉ። ግብ ጠባቂው ጎሽ ነበር፤ ዕረፍት በተባለ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሜዳውን ይልሳል። ጨው አይደል፣ ጣመው። በዚህ የተነሳ ልምምድ የማይቀር ትጉ ተጫዋች ተብሎ ተመሰገነ። አንድ ቀን ደግሞ ከርከሮ ከአንበሳ እግር ስር ሩሯን ነጥቆ ሮጠ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል አይደል? ተባለ እንጂ፣ ጌታው በጥፊ ሲለው ከርከሮ ሦስቴ ተንከባለለ። ከዚያ ወዲህ ሩር አንበሳ ጋ ስትደርስ ሁሉም ዱላውን ጥሎ ቆሞ ያጨበጭባል።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። ሽመሎች ትልቅ ቅርጫት ሠርተው መጡ፤ አሥር እንስሳ ይይዛል። ስማቸውን ልንገራችሁ። አምበሉ አንበሳ ነው። አያ ጅቦ ቡድን መሪ፣ የአያ ጅቦ አማች ምክትል ቡድን መሪ፣ ነብር ሥነ ሥርዓት አስከባሪ፣ ቀበሮ ቃል አቀባይ፣ ሰጎን ታዛቢ፣ ጋሽ ዝንጀሮ አሠልጣኝ። ሰባት ሞላ። ለተጫዋች ሦስት ቦታ ተረፈ፤ ጎሽ፣ ከርከሮና ጥንቸል ገቡ።

"ተጫዋች እኮ ስድስት ነው የሚያስፈልገው፣" አለ ሽመላ ግራ ገብቶት።

"ሦስቱ ለሁለት ለሁለት ይጫወቱ፣" አለ ቀበሮ።

እትዬ ኤሊ ከቅርጫቱ ስር ቆማ ነበር። "አያ ጅቦ፣ በእግዜር ይዛችሁኝ ሂዱ። ቦታ አልይዝም።"

ጅብ ከላይ እስከ ታች አያት። ጌታው እዚያ አገር ምን ላይ እንደሚቀመጡ ሲያስብ ነበርና ጀርባዋን ወደደው። "ተጫዋች ብዬ አልጽፍሽም። በርጩማ ብዬ ልጽፍሽ እችላለሁ።"

"ጻፈኝ፣" አለች። ታናሺቱን እያየች ነው ጻፈኝ ያለችው።

መንገዱን አትጠይቁኝ፤ በተረት አገር መንገድ አጭር ነው፣ ጎሽ የተሳፈረበት ቅርጫትም አይቀደድም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ሽመላ ከእግር ስር የሚታሰር የአጥንት ስለት ለተጫዋቾቹ አምጥቶ ነበር፤ እሱ ከሌለ በረዶ ላይ አይቆምም። ዕቃው በቡድን መሪው እጅ ይሁን ተባለ። በአጥንት የተሠራን ነገር ለጅብ። ሰማይ መሐል ሲደርሱ ከጥግ ቀርጨም ቀርጨም የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ምንድን ነው የሚንቀጨቀጨው?" አለች ጥንቸል።

"ጥርሴ ነው፣" አለ አያ ጅቦ። "ብርዱ አይደል።"

ሲደርሱ ስለት የለም። ጅብ አፉን ጠረገ፤ ነብርም ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ነውና የጠየቀውን ከርከሮን ገሠጸው።

ጨዋታው ተጀመረ። ወዲያ በኩል ነጫጭ ድቦች፣ ወዲህ በኩል የእኛዎቹ፣ ዳኛዋ ነጭ ጉጉት። ከርከሮ አንድ እርምጃ ሲራመድ በአፍንጫው ተደፋ። ጥንቸል ወደ ፊት ስትዘል ወደ ኋላ ሄደች። ጎሽ ደግሞ ግቡ ስር እንደ ቆመ የለመደው አመል መጣበትና፣ እስቲ የዚህ አገር ጨው እንዴት ነው ብሎ ጎንበስ አለ። ላሰ። ምላሱ በረዶው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ድቦቹ ሩሯን በቀኙም በግራውም ሲያገቡ እሱ "እምምም" ከማለት ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም።

ጋሽ ዝንጀሮ ከዳር ሆኖ፣ "ልክ ጨው ሜዳ ላይ እንዳደረጋችሁት አድርጉ" ይላል። እነሱም እሱን ነበር የሚያደርጉት፤ ሩሯ አንበሳ አጠገብ በደረሰች ቁጥር ዱላቸውን ጥለው ያጨበጭባሉ፣ ድቡም አመስግኖ ይወስዳታል።

ሃያ ሦስት ገባባቸው። አንበሳ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቆ ወገቡን ያዘ። "በርጩማዬን፣" አለ።

እትዬ ኤሊን አምጥተው ከራሳቸው ግብ ፊት፣ ከጎሽ አጠገብ አስቀመጧት። አንበሳ ጨዋታው መሐል ጋማውን አበጥሮ ተቀመጠባት። በዚህ ጊዜ አንዱ ድብ የመታት ሩር ከጎሽ ግንባር ነጥራ እትዬ ኤሊ አፍንጫ ስር መጥታ ቆመች።

ኤሊ ሩሯን አየቻት። ሆዷ ከበረዶው ጋር እንዴት እንደሚንሸራተት ሲያስቀምጧት ጀምሮ ገብቷታል። የኋላ እግሮቿን ጎሽ ቀንድ ላይ ተከለች፤ ጎሽ እንደሁ ተጣብቋል፣ ንቅንቅ አይልም። ያላትን ጉልበት ሰብስባ ገፋችና እግሮቿን ወደ ውስጥ ሳበች። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሩሯ ከፊት፣ ኤሊ ከኋላ፣ ጌታው ከላይ ጋማው በነፋስ እየተበተነ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቀው ሄዱ። ተቀምጦ የሚመጣ አንበሳ አይተው የማያውቁት ድቦች በሳቅ ፈረሱ፤ ግብ ጠባቂያቸው ሆዱን ይዞ ተኛ። ሩሯ ገባች።

"ማን አገባ?" ብላ ጉጉት ጠየቀች።

"ጌታችን ተቀምጠው አገቡ፣" አለ ቀበሮ፣ ሌላ አፍ ሳይቀድመው።

አገራቸው ሲመለሱ ሦስት ቀን ከበሮ ተመታ። "አንድ አገባን፣ አንድ አገባን" እየተባለ ተጨፈረ። እነሱስ ስንት አገቡ ብሎ የጠየቀ የለም። ጎሽ ብቻ ያውቅ ነበር፤ እሱም ምላሱ ገና አልዳነም።

በአራተኛው ቀን የኩሬውን ጉዳይ ሊወስኑ ተሰበሰቡ። ሩሯን ያገቡት አንበሳ ስለሆኑ አንድ ጊዜ በጌትነታቸው፣ ከራሳቸው ቀጥለው ደግሞ አንድ ጊዜ በአግቢነታቸው ይጠጡ ተባለ። ወረፋው ረዘመ ማለት ነው፤ ጭቃውም ሊያልቅ ነው።

እትዬ ኤሊ ወደ መሐል ወጣች። "ጌቶቼ፣ የገፋሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ቦታ ይቅር፣ ለታናሺቱ ብቻ አንድ ጉንጭ ንጹሕ ውሃ ስጡኝ።"

አያ ጅቦ መዝገቡን ገለጠ። "ኤሊ የሚባል ተጫዋች አልሄደም። በርጩማ፣ አንድ፣ ይላል። በርጩማ ደግሞ ውሃ አይጠጣም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ወረፋ ውስጥ መግባትሽ ስሕተት ነበር።"

ጉባኤው ሳቀ። ኤሊ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ታናሺቱን ጀርባዋ ላይ አወጣች፣ አምስቱን ከፊቷ አደረገች፣ ፊቷንም ወደ ወንዙ መንገድ አዞረች። ወንዙ ለኤሊ እርምጃ የአንድ ወር መንገድ ነው።

ገና ከግራሩ ጥላ ሳትወጣ ሽመላ እየበረረ ደረሰ። ድቦቹ ያቺን አገባብ እንደገና ማየት ይፈልጋሉ፣ ለከርሞ ጠርተዋችኋል አለ። አንበሳ በደስታ ተነሳ።

"እንመጣለን በላቸው፣" አለ። ከዚያ ዞር ሲል መንገዱን አየ። "አንቺ፣ ወዴት ነው? ያለ አንቺ በምን ልሄድ ነው?"

እትዬ ኤሊ እርምጃዋን አላቋረጠችም፣ አንገቷንም አላዞረችም።

"አዬ ጌታዬ፣" አለች፣ "ተሸካሚ ካልቆመ፣ ተቀማጭ ራሱ የሄደ ይመስለዋል።"